«ልጄ መጠጥ አይነካም»፦ ስሙን የለወጠው ኸምርና የመተማ ተማሪዎች

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙ የሙስሊም ቤት ውስጥ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ተሸፍኖ የሚኖር ነው። ስለ ልጁ አዋዋል የተጠየቀ አባት፣ ስለ ልጇ ማምሸት የተጠየቀች እናት ብዙውን ጊዜ የሚመልሱት «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ መጠጥ አይነካም» ብለው ነው። እውነታቸውን ነው። ልጁ ቢራ ቤት አይገባም፤ አፉም አረቄ አረቄ አይሸትም። ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጫት ቤት ይቀመጣል። እዚያ ሺሻ ይቀርብለታል። ሺሻው ውስጥ ምን እንደተጨመረ አንዳንዴ አያውቅም፤ አንዳንዴም አውቆ ዝም ይላል። ኪሱ ውስጥ የምትገኘው ኪኒን ደግሞ ስሟ መድኃኒት ነው። ቤተሰቡ ግን «መጠጥ እስካልጠጣ ድረስ ሐራም ላይ አልወደቀም» ብሎ ተማምኖ ያድራል።

ይህ መተማመኛ አዲስ አይደለም፤ ረጅም ታሪክ አለው። በየዘመኑ አእምሮን የሚሸፍን ነገር አዲስ ስም ይዞ መጥቷል፤ በየዘመኑም «ይህኛው እኮ ያ አይደለም» ያለ ሰው አልጠፋም። ዛሬ ይህን ታሪክ ከመዲና ጀምረን በአጭሩ እንቃኛለን። ከዚያም አገራችን ከሱዳን ወደምትዋሰንባት ወደ መተማና ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ እንወርዳለን። መተማን የመረጥነው የሁለት አገር በር በመሆኗ ነው። በር ላይ የሚኖር ሰው የሚገባውንም የሚወጣውንም ከሌላው ቀድሞ ያያል፤ ጉዳቱም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው።

ጽዋውን የያዘው ወጣት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲሰደዱ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ኸምር ጨርሶ የተከለከለው ከኡሑድ ዘመቻ በኋላ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ አነስ በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ ቢሆን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንላቸው ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ያን ዕለት አነስ በእንጀራ አባታቸው በአቡ ጠልሐ ቤት ለተሰበሰቡ እንግዶች ከቴምር የተጠመቀ መጠጥ እየቀዱ ነበር። በዚህ መሐል ኸምር መከልከሉን የሚያውጅ ሰው ድምፅ ተሰማ። አቡ ጠልሐ ወጣቱን «አውጣና አፍስሰው» አሏቸው። እርሳቸውም አፈሰሱት። በዚያን ዕለት በመዲና ጎዳናዎች ላይ ኸምር እንደ ጎርፍ ወረደ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ጽዋውን እንዲቀዳ የተደረገው ወጣት ነው፤ የቀዳውም ለትልልቆቹ ነው። ወጣት በራሱ ጊዜ ወደ ሱስ አይገባም፤ ብዙ ጊዜ መንገዱን የሚያሳየው ትልቅ ሰው አለ። ሁለተኛ፣ ጽዋውን ያስቀመጠው ያ ወጣት አእምሮው ተጠብቆለት አድጎ ከ2,000 በላይ ሐዲሶችን ለኡማው ያስተላለፈ ታላቅ ዐሊም ሆነ። ያ አእምሮ በጽዋው ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ዕውቀት አብሮት በቀረ ነበር!

ክልከላው በአንድ ቀን አልመጣም። በመጀመሪያ በሱረቱል በቀራህ (2፡219) ኸምር ጥቅምም ጉዳትም እንዳለው፣ ጉዳቱ ግን እንደሚበልጥ ተነገረ። ቀጥሎ በሱረቱ ኒሳእ (4፡43) ሰው ሰክሮ ወደ ሰላት እንዳይቀርብ ተከለከለ። ምክንያቱም በዚያው ተገልጿል፤ የሚሰግድ ሰው የሚናገረውን ማወቅ አለበት። በመጨረሻም በሱረቱል ማኢዳህ (5፡90-91) በሩ ጨርሶ ተዘጋ። ሁለተኛውን ደረጃ ልብ እንበል። የሚናገረውን የማያውቅ ሰው ወደ ሰላት አይቀርብም ከተባለ፣ የሚነገረውን የማይሰማ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ቢቀመጥ ምን ይጠቅመዋል?

ኋላም ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በሚንበር ላይ ሆነው የኸምርን ትርጉም አስረዱ። በጊዜው ኸምር ይሠራባቸው የነበሩትን ወይን፣ ቴምር፣ ማር፣ ስንዴና ገብስን ከጠቀሱ በኋላ በእነዚህ አልተወሰኑም። አእምሮን የሚሸፍን ሁሉ ኸምር ነው የሚለውን መመዘኛ አስቀመጡ። ቃሉ ራሱ ይህን ይናገራል። እህቶቻችን ራሳቸውን የሚሸፍኑበት «ኺማር» እና «ኸምር» ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም መሸፈንን ያመለክታሉ። አንደኛው ሽፋን ክብርን ይጠብቃል፤ ሌላኛው ግን ክብርን ይገፍፋል።

«ቅጠል እንጂ መጠጥ አይደለም»

በሰባተኛው ክፍለ ዘመነ ሒጅራ ገደማ በሙስሊሙ ዓለም ሐሺሽ ተስፋፋ። ተጠቃሚዎቹ ያቀረቡት ምክንያት ለጆሯችን እንግዳ አይደለም፦ «በቁርኣን ስሙ አልተጠቀሰም፤ ደግሞም ቅጠል እንጂ መጠጥ አይደለም» አሉ። ከ661 እስከ 728 ዓመተ ሒጅራ የኖሩት ኢብኑ ተይሚያህ ሐሺሽ ከታታሮች መነሣት ጋር እንደተስፋፋ ጽፈው፣ እንደ ማንኛውም አስካሪ ነገር ሐራም መሆኑን አስረግጠዋል። በ684 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት የማሊኪያው ዐሊም አል-ቀራፊ «አስካሪ ነው ወይስ አእምሮ አበላሺ?» የሚለውን በጥልቀት መርምረዋል፤ ስሙ ላይ ልዩነት ቢኖርም ክልክልነቱ ላይ ግን ጥርጥር አልነበራቸውም። በ794 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት የሻፊዒያው አዝ-ዘርከሺ ደግሞ በዚሁ ጉዳይ ላይ ብቻ የሚያተኩር ኪታብ አዘጋጅተዋል።

በሌላ በኩል ዑለሞቻችን አዲስ ነገር ሁሉ በጭፍን ይከለከል አላሉም። ለዚህ ምስክሩ ከእኛው አገር የወጣው ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ1511 የመካው ባለሥልጣን ኻኢር ቤግ ቡና እንዲከለከል አድርጎ ነበር። ነገሩ ሲመረመር ግን ቡና አእምሮን የማይሸፍን ሆኖ ተገኘ፤ ክልከላውም ሳይጸና ቀረ። ዛሬ የመካም የመዲናም ሰው ቡና ይጠጣል። መመዘኛው ምንጊዜም አንድ ነበር፦ አእምሮን ምን ያደርገዋል?

በሁለቱ መሐል የቆመው ጫት ነው። ጫት በአገራችን ዕድሜ ጠገብ ነው። ንጉሥ ዐምደ ጽዮን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከይፋት ሱልጣኖች ጋር ያደረገውን ጦርነት የሚተርከው ዜና መዋዕል ያነሣዋል። በ749 ዓመተ ሒጅራ ያረፈው የካይሮው ጸሐፊ አል-ዑመሪም ስለ ሐበሻ ሙስሊሞች በጻፈው ውስጥ አንድ ወግ አስፍሯል። ለየመኑ ንጉሥ ጫት እንቅልፍን፣ የምግብንና የሩካቤን ፍላጎት እንደሚቀንስ ሲነገረው፣ «ታዲያ ከነዚህ ሌላ በዱንያ ምን ደስታ አለና ነው የምበላው?» የሚል መልስ ሰጠ ይላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የየመን ዑለሞች በጫት ላይ ሲለያዩ ጥያቄው መካ ለነበሩት ለኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ቀረበ። እርሳቸውም ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈው መራቁ እንደሚሻል መከሩ። በዘመናችን በርካታ ዑለሞች ሐራም ነው ብለዋል።

ወሎና ሐረር ውስጥ አባቶች ለዱዓና ለዚክር ጫት ይዘው ሲያመሹ የኖሩ መሆናቸውን የሚያነሣ አድማጭ እንደሚኖር እናውቃለን። ስለ አባቶቻችን አላህ ይዘንላቸው እንላለን። ግን በሐቅ እንነጋገር። ዛሬ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሚገባበት ጫት ቤት ዚክር የለም። በርጫ አለ፤ ሺሻ አለ፤ ምርቃና አለ። ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ አለ። ጨብሲ ማለት መጠጥ ነው። «መጠጥ አይነካም» የተባለው ልጅ መጠጡ ዘንድ የደረሰው በቅጠል በኩል ዞሮ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከኡመታቸው መካከል ኸምርን በሌላ ስም እየጠሩ የሚጠጡ ሰዎች እንደሚመጡ አስቀድመው አስጠንቅቀዋል። የሚያሰክርን ብቻ ሳይሆን አካልን የሚያደነዝዝንም መከልከላቸውን አቡ ዳዉድ ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ዘግበዋል።

መተማ፦ የሁለት አገር በር

አሁን ወደ መተማ እንውረድ። ከጎንደር በጭልጋ በኩል ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ተወርዶ ሸኽዲንና ኮኪትን ካለፉ በኋላ መተማ ዮሐንስ ይደረሳል። ከማዶ ያለችው የሱዳኗ ገላባት ናት። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ጅረትና አንድ ድልድይ ነው።

የዚህች ገበያ ታሪክ ከእስልምና ጋር የተሣሠረ ነው። ከዳርፉርና ከዚያም ከራቀው ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ የተነሡ፣ «ተካሪር» የሚባሉ ሙስሊሞች በዚያ ሰፍረው ገበያውን አቅንተዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሸኾቻቸው ለሐበሻም ለግብፅም እየገበሩ በሁለቱ መካከል ይኖሩ ነበር። ከደጋ በኩል ደግሞ የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ከተወሰነ በኋላ፣ ርስት የሌላቸው ጀበርቲዎች ኑሯቸውን በንግድ መሠረቱ፤ ግመላቸውንና በቅሏቸውን እየነዱም ወደዚህ ቆላ ይወርዱ ነበር። ቡናው፣ ጥጡ፣ ሰሙና ቆዳው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይወጣ ነበር።

ነገር ግን የመተማ ገበያ የሚያኮራ ታሪክ ብቻ አይደለም ያለው። ሰውም ይሸጥበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር የባሪያ ንግዱን አይቶ ጽፏል። ከደጋና ከቆላ የተነጠቁ ወጣት ወንዶችና ሴቶች በዚያ ዋጋ ወጥቶላቸው ተሸጠዋል። ሻጩም ገዢውም «ይህ ገበያ ነው፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይሉ ነበር። ይህን የምናነሣው ያለፉትን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። አንድ ገበያ ትርፍ እስካመጣ ድረስ የሚሸጠው ምን እንደሆነ መጠየቅ ሲያቆም ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ሁለቱ የትምባሆ አዋጆች

መተማ በታሪክ ይበልጥ የምትታወቀው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደው ብዙዎች ተሰደዋል። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ የመሐዲስቱ አዛዥ ሐምዳን አቡ ዐንጃ ጎንደር ገብቶ ከተማዋን አቃጥሏል። በዓመቱ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ መተማ ወረዱ፤ ቆስለውም በማግስቱ መጋቢት 2 ቀን ሞቱ። የከተማዋም ስም ከዚህ የተያያዘ ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። በመተማ ሜዳ የተፋለሙት ሁለቱ መንግሥታት ፈጽሞ በማይስማሙበት ዘመን በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር። አፄ ዮሐንስ በግዛታቸው ትምባሆን በብርቱ ቅጣት ከልክለው ነበር። የሱዳኑ መሐዲም ትምባሆንና መጠጥን በግርፋት ከልክሎ ነበር። ሁለቱም አዋጅ የቆመው በፍርሃት ላይ ነበር፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ አዋጁም አለፈ። የመሐዲስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1898 ወደቀ። ዛሬ በሱዳን «ቱምባክ» የሚባለው በከንፈር ሥር የሚያዝ ትምባሆ በየሱቁ ይሸጣል፤ የአፍ ካንሰር እንደሚያስከትልም የአገሪቱ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። በእኛም በኩል ሲጋራ በየኪዮስኩ አለ።

ይህን ከመዲናው ታሪክ ጋር እናስተያየው። በመዲና ክልከላው ከመምጣቱ በፊት ለዓመታት ልብ ታንጿል፤ ምክንያቱ ተነግሯል፤ ሰዉ ደረጃ በደረጃ ተዘጋጅቷል። ስለዚህ አዋጁ ሲሰማ ሰዉ ጋኑን የደፋው በገዛ እጁ ነው። ልጁን ሳያስተምር በአለንጋ ብቻ ሊጠብቅ ለሚያስብ አባት ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። አለንጋ የሚሠራው አባት ቤት እስካለ ድረስ ነው።

ጅረቱ ዛሬ ምን ይዞ ይወርዳል?

ግንቦት 1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል መተማንና ገላባትን በሁለት መንግሥት ሥር አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ ጠረፉ የራሱን ባሕርይ ያዘ። አንዱ ወገን የከለከለውን ሌላው ወገን ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የሱዳን መንግሥት ሸሪዓን አውጆ መጠጥ ሲከለክል፣ የሚጠጣ ሰው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ መተማ መምጣት ጀመረ። መጠጥ ቤቶች በዙ። ከማዶ ደግሞ ሱዳኖች «ባንጎ» የሚሉት ሐሺሽ ይመጣል። ባለፉት ዓመታት በሱዳን ከተሞች «አይስ» የሚባለው እጅግ አደገኛ ዕፅና ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ወጣቱን እንዳጠቁት የአገሪቱ ሐኪሞች ተናግረዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተጀመረው ጦርነት ደግሞ ሕግ አስከባሪውን በታተነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችም በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። ስደተኛው ወንድማችን ነው፤ የምንወቅሰው እሱን አይደለም። የምንሰጋው ጦርነት ባለበት ሁሉ ኮንትሮባንዲስት እንደሚበለጽግ ስለምናውቅ ነው።

በወዲህ በኩል ሌላ ነገር አለ። ምዕራብ ጎንደር የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከየአውራጃው እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ አርማጭሆ ይወርዳል። የሰሊጥ አጨዳው የሚደርሰው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ገና ትምህርቱ በሚጀማመርበት ጊዜ ማለት ነው። ተማሪው ለሳምንታት ወደ እርሻ ይሄዳል። እዚያ ሐሩርና ድካም ይጠብቀዋል። ድካሙን የሚያስረሳ ነገር ይዞ የሚመጣ ትልቅ ሰውም አይጠፋም። ሲመለስ በኪሱ ብር አለ፤ ወላጅ የማይቆጣጠረው ብር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደተባለው ነው። በዚህ ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት የተነሣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነው ከርመዋል። ሥራም ትምህርትም የሌለው ወጣት የጫት ቤት የመጀመሪያ ደንበኛ ነው።

ከተማሪው ምን ይወሰዳል?

«ለማጥናት ብዬ ነው» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው። እንቅልፍ ያባርራል፤ ልጁም የገባው፣ ያወቀው ይመስለዋል። ነገር ግን ቀን የተማርነው ነገር በአእምሯችን የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እንቅልፉን የሸጠ ተማሪ ያነበበውን አብሮ ሸጧል። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ድብርት፣ ንጭንጭና ሐራራ ይዞ ይቀመጣል፤ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል። ከሰዓት በኋላ ሐራራው ሲነሣበት ፎርፎ ይወጣል። እንዲህ እያለ መቅረቱ ይበዛል፤ ውጤቱ ይወርዳል። ውጤቱ ሲወርድ ያፍራል፤ ሲያፍር ደግሞ ኀፍረቱን ወደሚያስረሳው ቤት ይመለሳል። ሐሺሽ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይከፋል፤ የማስታወስና የማመዛዘን ችሎታ የሚገኝበት የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና በማደግ ላይ ነውና።

ይህ በግምት የተባለ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. በጎንደርና በባሕር ዳር በሚገኙ አራት ኮሌጆች 1,103 ተማሪዎች ተጠይቀው 26.7 በመቶው ጫት፣ 13.1 በመቶው ሲጋራ ሞክረው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የጀመሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ ነበር። ከዓመታት በኋላ በሐረር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ከአራቱ አንድ የሚሆነው ጫት እንደሚቅም አመልክቷል። እንግዲህ ጫፉ የሚያዘው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከቤታችን እየወጡ በሚማሩባቸው ዓመታት ነው ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ለዚህ ውድቀት ብዙ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም በሱስ ላይ ማላከክ ሐቅ አይሆንም። ግን ከመቶ ተማሪ ጥቂቱ ብቻ በሚያልፍበት ፈተና ላይ የሚቀመጥ ልጅ፣ አእምሮው ሙሉ ሆኖለት እንኳ መንገዱ ጠባብ ነው። በተሸፈነ አእምሮ እንዴት ሊያልፈው ነው?

ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት) ሸሪዓ የመጣው አምስት ነገሮችን ለመጠበቅ እንደሆነ አስረድተዋል፤ ዲንን፣ ነፍስን፣ አእምሮን፣ ዘርንና ገንዘብን። ሱስ ከአምስቱ አንዱን ብቻ አይነካም። አእምሮን ከወሰደ በኋላ ገንዘቡን ያስከትላል፤ ከዚያ ሰላቱን፣ ከዚያም ጤናውን። አእምሮ የሌሎቹ ሁሉ በር ነው። እንደ መተማ ማለት ነው፤ በሩ ከተሰበረ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይወጣል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጥያቄያችንን እንለውጥ። «ልጄ ይጠጣል ወይ?» ማለት አይበቃም። የት ያመሻል? ከማን ጋር? እንቅልፉ እንዴት ነው? ከክፍል ይቀራል ወይ? ከእርሻ ያመጣውን ብር ምን አደረገው? ብለን እንጠይቅ። የክፍል መምህሩን ሄደን እናነጋግር። ለወላጅ ስብሰባ ብቻ የምንታይ አንሁን።

ሁለተኛ፣ የወደቀውን ልጅ አንርገም፤ ከቤትም አናባርር። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ ምክንያት በተደጋጋሚ የተቀጣ አንድ ሶሃባ ነበር። ከተሰበሰቡት አንዱ ሲረግመው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም፤ ክብሩ ግን አልተነካበትም። ከቤት የተባረረ ልጅ መስጂድ አይሄድም፤ ወደ ደላላ ይሄዳል፤ መተማ ላይ ደግሞ ደላላው በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ ሊልከው ዝግጁ ነው።

ሦስተኛ፣ ሱስ በሽታም ነው። ተውበት ከልብ ይደረጋል፤ ሕክምናም ይደረጋል። በተለይ ኪኒን የለመደ ልጅ በድንገት ሲያቆም ሊታመም ይችላልና ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች መሄድ ነውር አይደለም።

አራተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም ወደ ራሳችን ኪስ የሚያመለክት ነው። የሺሻ ቤቱን ክፍል ያከራየው ማነው? ጫቱን ከባሕር ዳር ጭኖ ያመጣው ማነው? ትምህርት ቤት አጠገብ ሲጋራ በፍሬ የሚሸጥ ሱቅ የማን ነው? በሐዲስ እንደተነገረው የኸምር ኃጢአት በጠጪው ላይ ብቻ አያበቃም፤ ሻጩን፣ ተሸካሚውንና ዋጋውን የሚበላውንም ይጨምራል። የአገሪቱም ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ትምባሆንም መጠጥንም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ መሸጥን ከልክሏል፤ ሺሻንም አግዷል። የድሮው የመተማ ነጋዴ «ገበያ ነው» እያለ የሰው ልጅ ሸጧል። የዛሬው ነጋዴ የሰው ልጅ አይሸጥም። የልጁን አእምሮ ግን የሚያስወስድ ነገር ከሸጠ፣ ከልጁ ምን ተረፈው?

አምስተኛ፣ መስጂዶቻችን ለወጣቱ ከሰላት በኋላም ክፍት ይሁኑ። በክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት፣ መጻሕፍት ያሉበት አንድ ክፍል፣ ከዐስር እስከ መግሪብ የሚያውል ቁም ነገር እናዘጋጅ። ጫት ቤቱ ልጁን የሚያሸንፈው በቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ መቀመጫና ጓደኛ ስለሚሰጠውም ነው። እኛ የሚቀመጥበት ቦታ ካልሰጠነው ሌላው ይሰጠዋል።

ወንድሞቻችን ተማሪዎች! ይህ ንግግር ስለ እናንተ እንጂ በእናንተ ላይ አይደለም። አነስ (ረ.ዐ) ጽዋውን በያዙበት ዕድሜ ላይ ናችሁ። ያ ወጣት የአዋጁን ድምፅ ሲሰማ ጋኑን ለነገ አላቆየም። እናንተም ዛሬ በእጃችሁ ያለውን፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ አፍስሱት። ከተቸገራችሁም ለምታምኑት ታላቅ ሰው ተናገሩ። ተውበት በሩ ክፍት ነው።

ወላጆች! ከዛሬ ጀምሮ «ልጄ መጠጥ አይነካም» ከማለታችን በፊት «ልጄ አእምሮው ሰላም ነው ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ከግልጽም ከስውርም ሱስ ይጠብቅልን። የወደቁትን ያንሣልን፤ የታመሙትን ያሽርልን። ለመተማና ለአካባቢዋ፣ ለጎረቤታችን ለሱዳንም ሰላሙን ያውርድ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።